ቮልሷና የቆርቆሮው አጥር

ጥሪው የመጣው ረፋዱ ላይ ነው። ኢንስፔክተር ውዳሴ ሀና ማርያም አካባቢ ካለው ግቢ ስትደርስ ሌሊቱን ሙሉ የጣለው የነሐሴ ዝናብ አባርቶ ነበር፤ ከፉሪ በኩል የሚነፍሰው ብርድ ግን ገና አጥንት ይሰብራል። ጎረቤቶች ደጃፉ ላይ ጃንጥላቸውን አጥፈው ቆመዋል። የሚያለቅስ ግን አልነበረም። ውዳሴ መጀመሪያ ያስተዋለችው ይህንን ነው።

ሟቹ ደምሰው ይባላል። ጡረታ የወጣ የመንገድ ቀያሽ ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ብቻውን ይኖራል፤ ልጅ የለውም። የተገኘው ከአባቱ በወረሳት አሮጌ ቮልስ ውስጥ፣ በሾፌሩ ወንበር ላይ ነው። እጆቹን ጭኑ ላይ አሳርፎ፣ ራሱን ወደ መስታወቱ ዘንበል አድርጓል። ሲያዩት፣ የረሳውን ነገር ሊያመጣ ወደ ቤት የተመለሰ ሰው የሚጠብቅ ይመስላል።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅን ኢሉ። «ቁልፉ እንደተከፈተ ነው፤ ባትሪው አልቋል። ብርድ ሲሆንባቸው ሞተሩን አስነሱ፤ ማሞቂያውን ከፈቱ። ጭሱ በማሞቂያው በኩል ገባና በዚያው አሸለቡ።»

«ይህንን አንተ ነህ ያሰብከው?»

ኢሉ ፈገግ አለ። «የወንድማቸው ሚስት ናት የነገረችን። ሲስተር ሜሪ ትባላለች፤ ነርስ ናት። ከዚህ ቆርቆሮ ወዲያ ነው የሚኖሩት።»

ውዳሴ ዞር ብላ አየች። ሰፊው የአባት ግቢ መሀል ለመሀል በቆርቆሮ አጥር ተከፍሏል። አጥሩ ላይ አንዲት ጠባብ በር አለች። ማጠፊያዋ ዝጓል፤ በሯ ከተከፈተች ዘመን ያለፋት ትመስላለች። ከሥሯ ባለው እርጥብ መሬት ላይ ግን ቀይ የዝገት ፍርፋሪ ረግፏል። ዝናቡ አላጠበውም።

ወደ ሟቹ መኪና ተመለሰች። ቮልሷ የቆመችው በአራት የብረት ቋሚዎች ላይ በተዘረጋ ጣሪያ ሥር ነው። ግድግዳ የለውም፤ ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። መኪናዋ አዲስ ቀለም ተቀብታ እንደ ወተት ነጥታለች። ወንበሮቿ ቡናማ ቆዳ ለብሰዋል። ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር ገና ከላስቲክ መሸፈኛው አልወጣም። ማንም ተቀምጦበት አያውቅም ማለት ነው።

ውዳሴ ተንበርክካ የሟቹን ጫማ ሶል ተመለከተች። ከዚያም የራሷን ጫማ አየች። ከበሩ እስከዚህ ለመድረስ ብቻ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይዟታል። የደምሰው ሶል ግን ንጹሕ ነው። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደኋላ ተገፍቷል፤ አጭሩ ሰውዬ በእግሩ ፍሬኑ ላይ መድረስ አይችልም። ከእጅ ፍሬኑ አጠገብ ያለው ባለ ቀይ ጉጥ የማሞቂያው ማንሻ ወደ ላይ ተስቧል።

«ኢሉ፣ ነዳጅ አለው?»

ኢሉ የፊቱን ኮፈን ከፍቶ ቀጭን እንጨት ወደ ነዳጅ ታንከሩ ሰደደ። «ከግማሽ በላይ አለው።»

«ታዲያ ሞተሩ ለምን ጠፋ?»

ውዳሴ ወደ ኋላ ዞራ ሞተሩን ከፈተችው። ሁሉ ነገር ያብረቀርቃል። ጭሱ የሚወጣባቸው ቱቦዎች አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብተዋል። በጣቷ ነካ አደረገቻቸው፤ ጣቷ ጠቆረ። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር።

ቤቱ ውስጥ ገባች። አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ። አልጋው ተነጥፏል፤ አልተተኛበትም። ውዳሴ እሷም ሀይሌ ጋርመንት ባለው ኮንዶሚኒየም ብቻዋን ነው የምትኖረው። እናቷ ካረፈች ወዲህ፣ የሰው ድምፅ እንዳይጠፋ ብላ ቴሌቪዥኑን ከፍታ መተኛት ለምዳለች። የደምሰው ቤት ቴሌቪዥን እንኳን የለውም። ያለችው መኪናዋ ብቻ ነበረች።

አስከሬኑን ያገኘው ኑሪ ነው። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የመኪና ወንበር የሚያለብስበት ሱቅ አለው። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን በእጁ ያሽ ነበር።

«ዛሬ ሞተሩ ይነሳል ብለውኝ ነው የመጣሁት» አለ። «ከታደሰች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ጋሼ ደምሰው ያንን ቀን ሲጠብቁ ነው የኖሩት።»

«ከዚህ በፊት አልተነሳችም?»

«አልተነሳችም። ትናንት ማታ ነው ቱቦውን ቀብተው የጨረሱት። ቀለሙ ሳይደርቅ አላስነሳም ብለውኛል።»

«ሲደርሱ ምን አዩ?»

«መጀመሪያ እሳቸውን አላየኋቸውም። መስታወቱ ሁሉ በላብ ተሸፍኖ ነበር። በእጄ ጠረግሁት፤ አልጠራም። ከውስጥ ነው ለካ። ውኃው በመስታወቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። በሩን ስከፍት...» ኑሪ አቋረጠ። «እጃቸው ገና በደንብ አልቀዘቀዘም። ትንሽ ቀደም ብዬ ብመጣ ኖሮ እላለሁ፣ እመቤቴ። ሱቅ ከፍቼ ነው የመጣሁት። ምን አስቸኮለኝ ሱቅ ለመክፈት?»

ውዳሴ ትከሻውን ነካ አደረገችው።

ሁለተኛው ሰው ኢያቄም ነው። የቮልስ ወዳጆች ማኅበር አባል ነው፤ ገና ሠላሳ አልሞላውም። ባለፈው ሳምንት ከደምሰው ጋር ሲጨቃጨቅ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል። ውዳሴ ያገኘችው ብስራተ ገብርኤል ከሚገኘው የቤተሰቡ ግቢ ነው።

«ሽጥልኝ አልኩት፣ እምቢ አለ። በቃ» አለ ኢያቄም። ከዚያ አፈረና አንገቱን ደፋ። «አሉኝ ማለቴ ነው። ጮኼባቸዋለሁ፤ አልክድም። ሁለት ካርቡሬተር፣ አዲስ የጭስ ማርሚታ፣ እነዚያን የእሽቅድምድም ቱቦዎች ሁሉ እኔ ነኝ በሰው ያስመጣሁላቸው። ታዲያ ለማን ነው የሚያሳምሯት? የጎኑ ወንበር ላይ እንኳን አስቀምጠውኝ አያውቁም። ‹ባለቤት አለው› ይላሉ።»

«ማሞቂያውን ታውቀዋለህ?»

«የቱን ማሞቂያ?»

«የቮልሷን።»

«ማሞቂያ የላትም እኮ!» አለ ኢያቄም። «ቮልስ ውኃ የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው። ያው ነፋስ በጭስ ቱቦው ዙሪያ ሞቆ በሳጥን ወደ ውስጥ ይገባል፤ ማሞቂያው ያ ነው። የእኔን ቱቦዎች ለመግጠም ሳጥኖቹ መነቀል ነበረባቸው። ነቀልናቸው። ቀዳዳዎቹን ኑሪና ጋሼ ደምሰው በላሜራ በይደው ደፈኗቸው። አሁን ማንሻውን ብትስቢው ባዶ ገመድ ነው የምትጎትቺው።»

ውዳሴ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። «ይህንን ከእናንተ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማን ወደዚያ ግቢ ይገባል ብለሽ ነው?» አለ ኢያቄም።

ከሰዓት በኋላ ውዳሴ ከአጥሩ ወዲያ ሄደች። ታናሽ ወንድሙ ማሞ ሳሎን ውስጥ ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ሜሪ ቆማለች። መስኮቶቹ ሁሉ ብርዱን ሳይፈሩ ወለል ብለው ተከፍተዋል።

«አባታችን ከሞቱ ወዲህ አልተነጋገርንም» አለ ማሞ፣ ወለሉን እያየ። «ሆድና ጀርባ ነን። ግቢውን ፍርድ ቤት ይከፍለዋል ብለን ስንጠብቅ እሱ አጥር አጠረ።»

«በመኪናዋ ነው የጀመረው» አለች ሜሪ። «አማቼ ለታላቁ ሰጡ። ይኸው ያቺው መኪና በላችው። ከጥንትም በማሞቂያዋ ጭስ ታስገባ ነበር። ማሞ በልጅነቱ ከኋላ ተቀምጦ ሲያስታውክ ነው ያደገው። አይደለም እንዴ?»

ማሞ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ።

«ትናንት ማታ የት ነበሩ፣ ሲስተር?»

«ተረኛ ነበርኩ። ጎህ ሳይቀድ ነው የገባሁት።»

«የት ክፍል ነው የሚሠሩት?»

«ድንገተኛ። ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚያ ነው።»

ውዳሴ ስትወጣ የጓሮው ደረጃ ላይ አንድ ነገር ዓይኗን ያዘው። የከሰል ማንደጃ ነው፤ ታጥቦ፣ ተፈግፍጎ፣ እንደ ሳህን ተደፍቷል። ለአፍታ ቆማ አየችውና ሄደች።

የአስከሬን ምርመራው ውጤት ሲመጣ ሐኪሙ ራሱ ደወለላት። «ጭስ መሆኑ አያጠራጥርም» አላት። «ግራ የገባኝ መጠኑ ነው። ጭስ ውስጥ እንዳለ የሞተ ሰው ደም ከዚህ እጅግ የበለጠ የጭስ መርዝ ይይዛል። ይህ ሰው ከጭሱ ከወጣ በኋላ ለሰዓታት ንጹሕ አየር ተንፍሷል።»

ውዳሴ ስልኩን ዘግታ ማስታወሻ ደብተሯን ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመረች። ኢሉ ሻይ አመጣላት፤ ሻዩ ቀዘቀዘ።

በማግሥቱ ሁሉንም በቮልሷ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ኑሪና ኢያቄም በአንድ ወገን፣ ማሞና ሜሪ በሌላው ቆሙ። ኢሉ የግቢውን በር ዘጋ።

«አቶ ደምሰው የሞቱት በጭስ ነው» ብላ ጀመረች። «ሁላችንም ከመኪናዋ ነው ብለን ነበር። ግን ይህች መኪና አልጨሰችም። ቱቦዎቿ የተቀቡት ከሞታቸው በፊት በነበረው ምሽት ነው። ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ እንኳን ቢሠራ ቀለሙ ይቃጠል ነበር። እኔ ስነካው እጄን አጠቆረው። ነዳጁም አላለቀም። ቁልፉ ተከፍቷል እንጂ ሞተሩ አልተነሳም።»

«ታዲያ ጭሱ ከየት መጣ?» አለ ኢያቄም።

«ከሌላ ቦታ። ወደዚህ የመጡት በእግራቸው አይደለም። ግቢው ጭቃ ነው፤ የጫማቸው ሶል ግን ንጹሕ ነው። ሌሎች ተሸክመው ነው ያመጧቸው። ገላቸውን ለማስገባት ወንበሩን ወደኋላ ገፍተውታል፤ መመለሱን ረስተዋል።»

ሜሪ እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ፊቷ አይነበብም።

«ያስቀመጣቸው ሰው ማሞቂያውን ሳበው» አለች ውዳሴ። «ጭሱ በዚያ ገባ እንዲባል ነው። ኑሪ ይህንን አያደርጉም፤ ቀዳዳውን የበየዱት እሳቸው ናቸው። ኢያቄምም አያደርገውም፤ ማሞቂያዋን ከነቀሉት አንዱ ነው። ይህንን የሚያደርገው መኪናዋን በድሮ መልኳ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። የልጅነት መኪናውን የሚያስታውስ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ይህን አጥር ተሻግሮ የማያውቅ።»

ኑሪ ቀስ ብሎ ወደ ማሞ ዞረ።

«የአጥሩ በር በዚያ ሌሊት ተከፍቷል፤ ዝገቱ መሬት ላይ ነበር። በዚያ ምሽት ሰፈሩ ሁሉ መብራት ጠፍቶበታል፤ ኢሉ አጣርቷል። አቶ ደምሰው ቤት ከሰል የሚባል ነገር የለም። ከአጥሩ ወዲያ ግን ማንደጃ አለ፤ በማግሥቱ ታጥቦ ተደፍቶ አየሁት። የከሰል ማንደጃ የሚያጥብ ሰው በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አቶ ማሞ፣ ወንድምዎ ለምን መጡ?»

ማሞ ለመናገር ሞከረ፤ ሜሪ ክንዱን ያዘችው። እጇን አስለቀቀ።

«አንኳኳ» አለ። «ያቺን በር። ሌባ መስሎኝ ዱላ ይዤ ወጣሁ። ጋሼ ነው።» በልጅነቱ ወንድሙን የሚጠራበት ስም ነበር የመጣለት። «ቱታውን እንደለበሰ ዝናብ ላይ ቆሟል። ‹ነገ ትነሳለች› አለኝ። ‹ቁልፉን አንተ አዙረው። ከጎን ያለውን ወንበር ላንተ ነው ያሰፋሁት። ማንንም አላስቀመጥኩበትም።› እኔ ምን ልበል? ግባ አልኩት። መብራት የለም፤ ከሰል አቀጣጠልኩ። ስናወራ፣ ስንስቅ... አባታችን ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጠፋባቸው እንዴት እንገፋ እንደነበር። ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። አልቀሰቀስኩትም። ጋቢ አለበስኩት። እንዳይበርደው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁና መኝታ ቤት ገባሁ።»

ኑሪ ኮፍያውን አወለቀ።

«ሜሪ ስትገባ ነው የቀሰቀሰችኝ። ‹ወንድምህ እዚህ ምን ይሠራል? ሞቷል› አለችኝ። ታርቀናል አልኳት። ማን ያምንሃል አለች፤ ዓይንና ናጫ መሆናችሁን አገር ያውቃል፣ ገደለው ይሉሃል አለች። ፈራሁ። ጎህ ሳይቀድ ተሸከምነው። ጭቃውን ጠርገን ጫማውን አደረግንለት። ሜሪ ስታስታውሰኝ ማሞቂያውን ሳብኩ። ቁልፉን...» ማሞ እጁን አፉ ላይ አደረገ። «ቁልፉን አዞርኩት። እንዳለኝ።»

ውዳሴ ይህን ጥያቄ ባትጠይቅ በወደደች ነበር።

«አቶ ማሞ፣ ሲሸከሟቸው ሞተዋል ብለው ነው?»

«አዎ! ታዲያስ?»

«ኑሪ በመጡ ጊዜ መስታወቱ ከውስጥ ላብ አውጥቶ ይንጠባጠብ ነበር። የጭስ መስሎን አለፍነው። ሞተሩ ካልተነሳ ጭስ የለም። ሙት ደግሞ አይተነፍስም።»

ማሞ ያልገባው ሰው መሰለ። ከዚያ ገባው። የመኪናዋን ጭቃ መከላከያ ይዞ ቆመ።

«ሐኪሙም አረጋግጧል» አለች ውዳሴ። «እስኪነጋ ድረስ በሕይወት ነበሩ።»

«እጁ ይሞቃል ብዬሽ ነበር!» ማሞ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ሬሳ ቶሎ አይቀዘቅዝም አልሽ። ስናስቀምጠው ቃተተ። ሰምቻለሁ! ከደረቱ የሚወጣ አየር ነው አልሽኝ። አንገቱን ይዘሽ አይተሽ ነበር፣ ሜሪ። ሥራሽ ነው። አንቺ ታውቂያለሽ!»

«ደንግጬ ነበር» አለች ሜሪ።

«ድንገተኛ ክፍል ዕድሜዎን የጨረሱ ሰው ነዎት» አለች ውዳሴ። «የልብ ምት አንገት ላይ ሲፈለግ ድንጋጤ አያሳስትዎትም። ለአቶ ማሞ ማሞቂያውን ያስታወሷቸውም እርስዎ ነዎት፤ እኛ ሳንጠይቅ ቀድመው የነገሩንም እርስዎ።»

ሜሪ ወደ ባሏ ዞረች። ስትናገር ድምፅዋ የደከመ እንጂ የተቆጣ አልነበረም።

«በአንድ ምሽት ወሬ ታረቅን ትለኛለህ። ቢነሳ ኖሮ ‹ጠርተው ሊገድሉኝ ነበር› ይል ነበር። ጠበቃው ያንን ይዞ ግቢውን ሁሉ ይወስደው ነበር፤ አንተንም ያስሩህ ነበር። ለማን ብዬ ነው የማድነው?» ቀጥላም በቀስታ፣ «የሞተ ሰው አይከስስም» አለች።

ኢሉ ወደ እሷ ተጠጋ። አልታገለችም። ነጠላዋን አስተካክላ ከፊቱ ሄደች። ማሞ ግን ሳይጠራ እጆቹን ዘርግቶ ወደ ውዳሴ መጣ። እስኪያስሩት ድረስ ዓይኑን ከባዶው የጎን ወንበር ላይ አላነሳም።

ከቀናት በኋላ አስከሬኑን የሚረከብ ዘመድ ጠፋ። የሆስፒታሉ ሠራተኛ «ምኑ ነህ?» ሲለው ኑሪ ትንሽ አሰበና «ጓደኛው» ብሎ ፈረመ። ዕድሩ ድንኳን ጣለ፤ ወንበሮቹ ግን እንደተደረደሩ ቀሩ። ሰዉ ወሬውን ሰምቶ ለመምጣት አፍሯል፤ የመጣውም ማንን እንደሚያጽናና አላወቀም።

ውዳሴ ማሞ ቀብሩ ላይ እንዲገኝ የፈቃድ ወረቀቱን ራሷ አስፈርማ አመጣችው። ቀብሩ ላይ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆመ። ኑሪ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ቆሞ ለዱዓ እጆቹን ዘርግቷል፤ ኢያቄም አካፋ ይዟል። ቄሱ ፍትሐቱን ጨርሰው ሄዱ። አፈሩ ተመለሰ፤ ሰዎቹም በማሞ አጠገብ ዝም ብለው እያለፉ ወጡ። አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩትም። እሱም ይህንን ጠብቆ የመጣ ይመስል አንገቱን እንደደፋ ነበር።

ውዳሴ ደንቡን ታውቀዋለች። ከታሳሪ ጋር ከሥራ ውጪ አይነጋገሩም። ለአፍታ ወደ ኢሉ አየች፤ ኢሉ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረላት። ከዚያ ወደ ማሞ ሄደች፤ የታሰሩትን እጆቹን በሁለት እጆቿ ይዛ ጎንበስ አለች።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለችው።

ማሞ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ።